የውሃ ቤዝ ወይስ የቲነር ቤዝ? ከጣሳው በፊት ኮምፕሬሰሩን ይዩ

ለጋራዥ የቀለም ዓይነት የሚመርጥ ሰው ጥያቄውን የሚጀምረው ከቀለሙ ነው፤ የትኛው ያምራል፣ የትኛው ይቆያል፣ የትኛው ይረክሳል። በውሃ የሚቀጥነው የውሃ ቤዝም ሆነ በቲነር የሚቀጥነው የቲነር ቤዝ፣ በአግባቡ ከተሠሩ ሁለቱም ያምራሉ። ሁለቱም ላያቸው ላይ በሚደረበው ቀለም አልባ መከላከያ፣ በክሊር፣ ስለሚጠበቁ ዕድሜያቸውም ያን ያህል አይለያይም። ልዩነቱ የሚመጣው ቀለሙን ከሚያደርቀው አየር ነው፤ ምን ያህል አለ፣ ምን ያህል ንጹሕ ነው፣ ምን ያህል እርጥበት ተሸክሟል። ጋራዡ ይህን አየር ማቅረብ ከቻለ የውሃ ቤዝ ጥሩ ምርጫ ነው። ካልቻለ ከነችግሩም ቢሆን የቲነር ቤዝ ይሻለዋል።

መጀመሪያ ግን አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። «ወደ ውሃ ቀየርን» የሚል ጋራዥ በአብዛኛው የቀየረው ቤዙን፣ ማለትም ቀለም የሚሰጠውን መካከለኛ ንብርብር ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ፕራይመር እና ከላይ የሚደረበው ክሊር በአብዛኞቹ ጋራዦች ዛሬም ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚገባባቸውና በቲነር የሚቀጥኑ ናቸው። የቲነር ሽታ ከጋራዡ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በሃርድነሩ ውስጥ ያለው፣ ሳንባን የሚጎዳው አይሶሳያኔትም እንዳለ ይቀጥላል፤ ስለዚህ «የውሃ ነው» ብሎ ማስክ ማውለቅ አደገኛ ሞኝነት ነው።

የቲነር ቤዝ ለመርጨት ሲዘጋጅ አብዛኛው ክፍሉ ተንኖ የሚጠፋ ነው። ላሜራው ላይ የሚቀረው ጥቂቱ ነው። የውሃ ቤዝም ቢሆን ከሟሟ፣ ማለትም እንደ ቲነር ካለ ተናኝ ፈሳሽ፣ ነጻ አይደለም፤ በአብዛኛው ከመቶ አሥር ገደማ ሟሟ አለበት፤ የሚበዛው ክፍል ግን ውሃ ነው። በአውሮፓ ኅብረት በ2004 የወጣው መመሪያ ከ2007 ጀምሮ ለመኪና ጥገና በሚውል የላይ ቀለም ውስጥ ያለውን ተናኝ ሟሟ በሊትር 420 ግራም ላይ ገድቦታል። በዚያ ያሉ ጋራዦች ወደ ውሃ ቤዝ በጅምላ የዞሩት ከዚህ የተነሣ ነው። እርስዎ የሚሠሩበት ቦታ እንዲህ ያለ ሕግ ካለ ምርጫው ተመርጦልዎታል ማለት ነው፤ ቀሪው ጽሑፍ ለአሠራሩ ይጠቅምዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መድረቅ። ቲነር አየሩ እርጥብም ሆነ ደረቅ ይተናል፤ ዋናው ወሳኝ ሙቀት ነው፣ እሱንም ፈጣን፣ መካከለኛ ወይም ዘገምተኛ ቲነር በመምረጥ ማስተካከል ይቻላል። ውሃ ግን አየሩ ውስጥ ቦታ ከሌለው አይወጣም። ከቀለሙ የሚወጣው እንፋሎት በላሜራው ላይ እንደ ስስ ብርድ ልብስ ተኝቶ ይቀራል፤ ያ ብርድ ልብስ ካልተገፈፈ ከሥር ያለው ውሃ መውጫ ያጣል። ስለዚህ የውሃ ቤዝ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ደረቅ አየር፣ ለዘብ ያለ ሙቀት እና ከሁሉም በላይ እንቅስቃሴ።

የእርጥበት መለኪያ ሳይገዙ የውሃ ቤዝ አይግዙ። ትንሽ ዕቃ ነው፤ የመርጫ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ከ40 እስከ 60 በመቶ ሲያነብ ሥራው የተደላደለ ነው። ከ70 በላይ ሲሆን በንብርብሮች መካከል ያለው ጥበቃ እየረዘመ ይሄዳል፤ 80ን ሲያልፍ ያለ ማሞቂያ መርጨት ቀን ማባከን ነው። በተቃራኒው ከ30 በታች ሲወርድ ቀለሙ ገና በአየር ላይ ሳለ መድረቅ ይጀምርና ላሜራው ላይ አሸዋማ ሆኖ ያርፋል፤ ሜታሊክ፣ ማለትም የብረት ቅንጣት ያለበት ቀለም፣ ከሆነ ደመና ደመና ይሠራል። ለዚያ ዘገምተኛ ማቅጠኛ አለ። ለእርጥብ አየር ግን በማቅጠኛ ብቻ የሚገኝ መፍትሔ የለም።

ለእርጥብ አየር መፍትሔው ማሞቅ ነው። 15 ዲግሪ ላይ 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ውስጡ ያለው ውሃ ሳይቀንስ፣ ንባቡ ወደ 43 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በደንብ ተዘግቶ የሚሞቅ የመርጫ ክፍል፣ ማለትም ፎርኖ፣ ያለው ጋራዥ በዝናብ ወቅት የሚያመልጠውም በዚህ ነው። ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ወይም የናፍጣ ማሞቂያ ግን ክፍሉ ውስጥ አይቀጣጠል፤ ነዳጅ ሲነድ ውሃ ይወልዳል፣ ስለዚህ አየሩን እያሞቀ ያረጥበዋል። እሳቱ ራሱ ለቲነር ትነት ምን እንደሚሆን መናገር አያሻም።

እንቅስቃሴው የሚገኘው በኮምፕሬሰር ከሚሠሩ የአየር ማድረቂያዎች ነው። እነዚህ ከቱቦው የሚመጣውን ጥቂት አየር ተጠቅመው ዙሪያውን ያለውን ብዙ አየር ይስባሉ፤ ስለዚህ የተጣራ አየር ባለበት ክፍል ውስጥ ብቻ ይሠራሉ፣ አለዚያ የሚረጩት አቧራ ነው። አየሩን ወደ ላሜራው ፊት ለፊት አይደግኑ። 45 ዲግሪ አዘንብለው፣ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ላሜራውን እየላሰ እንዲያልፍ ያድርጉት። ርቀቱ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ይሁን። ቀለሙ እንደተረጨ ወዲያው በሙሉ ኃይል መንፋትም ስሕተት ነው፤ ላዩ ቆዳ ይሠራል፣ ከሥር ያለው ውሃ ይታገታል፣ አንዳንዴም ገጹ ይሸበሸባል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ይተዉት፣ ከዚያ ይጀምሩ። የቤት ውስጥ ፋን አምጥቶ ማቆም ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስቀጣል፤ ወለሉ ላይ ያለውን አቧራ ያነሣል፣ ሞተሩም ቲነር ባለበት ክፍል ውስጥ ብልጭታ ሊያወጣ ይችላል።

ክፍሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሆኖ አየሩ በደንብ ሲንቀሳቀስ አንድ ስስ ንብርብር ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ይደርቃል። እንቅስቃሴ ከሌለ ያው ንብርብር 20 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ እርጥብ ቀን ከሆነ ግማሽ ሰዓት። የቲነር ቤዝ በዚሁ ሙቀት በንብርብሮች መካከል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ከክሊር በፊት ደግሞ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። እንግዲህ «ውሃው ይዘገያል» የሚለው ወሬ እውነት የሚሆነው አየር በሌለው ጋራዥ ነው። አየር ባለው ጋራዥ ውሃው ይቀድማል።

መድረቁ በምን ይታወቃል? የመጀመሪያው ምልክት ገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ መፍዘዙ ነው። የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ካለ ገና ነው፤ በተለይ በበሩ እጀታ ዙሪያ፣ በኮፈኑ መታጠፊያና በፓራውልቱ ጎድጓዳ ቦታዎች ይፈልጉት። ሁለተኛው ዘዴ ከዓይን ይበልጣል። ውሃ ሲተን ላሜራውን ያቀዘቅዛል፤ ተኖ ሲያልቅ ላሜራው ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለሳል። በሌዘር የሚጠቆም የሙቀት መለኪያ ይዘው የተቀባውን በርና ያልተቀባውን ጎረቤቱን ይለኩ። የተቀባው አሁንም በሁለት በሦስት ዲግሪ ከቀዘቀዘ ውሃ አለበት ማለት ነው፤ ክሊር አይንኩ።

ይህን ያልጠበቀ ሰው የሚያየው ጉዳት ወዲያው አይገለጥም፤ ይህ ነው ክፉ ጠባዩ። ክሊሩ በዕለቱ ያብረቀርቃል። ፎርኖው ሲሞቅ የታገተው ውሃ መውጫ ፈልጎ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀዳዳዎች ይተዋል። ወይም በሳምንቱ ክሊሩ ጭጋግ የለበሰ ይመስል ይፈዛል። ወይም ከወራት በኋላ ድንጋይ በመታው ቦታ ተነሥቶ እንደ ላስቲክ ይላጣል። ደንበኛው ሲመለስ ጥፋቱ በክሊሩ ይሳበባል፤ ክሊሩ ግን ንጹሕ ነው።

ኮምፕሬሰሩን እንግዲህ እዚህ ላይ እንመርምር። ኤች ቪ ኤል ፒ የሚባለው ዝቅተኛ ግፊት ያለው ስፕሬይ ጋን በደቂቃ ከ350 እስከ 450 ሊትር አየር ይበላል። ሁለት ማድረቂያ እያንዳንዳቸው 300 ገደማ ቢወስዱ፣ ጎን ያለው ሠራተኛም በአየር የሚሠራ መፈግፈጊያ ቢያንቀሳቅስ፣ በደቂቃ ከ1000 ሊትር ማለፍ ቀላል ነው። በፒስተን ኮምፕሬሰር ላይ የተለጠፈው ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው እንጂ በግፊት የሚያወጣው አይደለም፤ የሚያወጣው ከዚያ ሩብ እስከ ሲሶ ያንሳል። ግዢ ላይ «የሚያወጣው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። የቱቦው የውስጥ ስፋት ከ9 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ጠባብ መጋጠሚያ አንድ ብቻ ቢኖር ግፊቱን ይውጠዋል። ግፊት የሚነበበውም ግድግዳው ላይ ሳይሆን ጋኑ እጀታ ሥር፣ ቃታው ተስቦ ሳለ ነው።

ንጽሕናው ከብዛቱ አያንስም። ቲነር ጥቂት ዘይትን አሟሙቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ውሃ ግን ከዘይት ጋር አይታረቅም። ከኮምፕሬሰሩ የመጣች አንዲት የዘይት ጠብታ የውሃ ቤዙን ገፍታ ክብ ጉድጓድ ትሠራለች፤ የዓሣ ዓይን የምንለው ይኸው ነው። ስለዚህ ውሃ የሚለይ፣ ቀጥሎ ደቃቅ የዘይት ጤዛ የሚይዝ፣ በመጨረሻ የዘይት ትነት የሚይዝ የካርቦን ማጣሪያ በተርታ ይግጠሙ። ካርቦኑ ሲሞላ ምልክት አይሰጥም፤ አምራቹ በወሰነው ጊዜ ቀን ተጽፎበት ይቀየር። የታንኩ ውሃ በየቀኑ ይፈሰስ። ለመፈተን የአየሩን ቱቦ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በንጹሕ መስተዋት ላይ ይንፉ፤ እርጥብ ወይም ቅባት ያለው ጥላ ከታየ ቀለም ከመክፈት በፊት ማጣሪያው ይታይ።

ስፕሬይ ጋኑ የውስጥ መተላለፊያው፣ ኖዝሉና መርፌው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ይሁን። ኖዝል 1.2 ወይም 1.3 ሚሊ ሜትር፤ ግፊት ወደ 2 ባር። አንዱን ጋን ለሁለቱም ቀለም መጠቀም ቁጠባ ይመስላል፤ ግን የውሃ ቤዝ ቅሪት ቲነር ሲነካው እንደ አይብ ይረጋና የአየር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የውሃ ጋን በመጀመሪያ በውሃ፣ ቀጥሎ ለእሱ በተዘጋጀ ማጽጃ ይታጠባል፤ በደንብ ተነፍቶ ይደርቃል። ለነገ የሚባል ጽዳት የለም፤ የደረቀ የውሃ ቤዝ በውሃ አይመለስም።

ዝግጅት ላይ ሁለቱ ቀለሞች የተለያየ ይቅርታ ያደርጋሉ። የቲነር ቤዝ ከሥሩ ያለውን በጥቂቱ እየነከሰ ይይዛል፤ መልካም ነው። ግን ያ ንክሻ የድሮ ያልጠነከረ ቀለምን ያሸበሽባል፣ የፕራይመሩን ጠርዝ እንደ ካርታ ያወጣል፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ጭረት ያሳብጣል። የውሃ ቤዝ አይነክስም፤ ስለዚህ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረበት በማይታወቅ መኪና ላይ ይበልጥ የሚታመን ነው። በምትኩ ንብርብሩ ስስ በመሆኑ ጭረት አይሸፍንም። ፕራይመሩ ለቲነር ቤዝ በ500 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቢጨረስ፣ ለውሃ ቤዝ በ600 ወይም በ800 ይጨረስ። ስትፈገፍጉ ባዶ ብረት ከወጣ ቦታውን በፕራይመር ሳይሸፍኑ የውሃ ቤዝ አይርጩ፤ ዝገት በደቂቃዎች ይጀምራል። ጎድጓዳ ቦታ የሚሞላበት ስቱኮ ደግሞ በውሃ አይፈግፈግ፤ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ያስቀምጥና በኋላ ውሃ ይቋጥራል። ይህኛው ለሁለቱም ነው።

ማጽዳቱ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በሟሟ ማጽጃ ቅባትና ሲሊኮን ይነሣል፣ ቀጥሎ በውሃ ማጽጃ ላብና ጨው። ብዙዎች ሁለተኛውን ይዘላሉ። የእጅ ላብ ጨው ከቀለሙ ሥር ከቀረ ውሃ እየሳበ ትናንሽ ፊኛዎች ይነፋል። አንዱ ጨርቅ ማርጠቢያ፣ ሌላው ማድረቂያ፤ በራሱ ደርቆ እንዲቀር አይተው። ጋዜጣ ለመሸፈኛ አይሆንም፤ ይርሳል፣ ይቀደዳል፣ ቀለሙንም ያሳልፋል።

አደባለቁ። የቲነር ቤዝ በብዛት ከግማሽ እስከ እኩል ቲነር ይወስዳል። የውሃ ቤዝ እንደ አምራቹ ከ10 እስከ 30 በመቶ ማቅጠኛ ይበቃዋል፤ ማቅጠኛው ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ያለበት የራሱ ምርት ነው እንጂ የቧንቧ ውሃ አይደለም። መበጥበጫውና ማስቀመጫው ፕላስቲክ ይሁን፤ ተራ ቆርቆሮ ይዝጋል። ማጥለያው ናይሎን ይሁን፤ የተራው ወረቀት ማጥለያ ሙጫ በውሃ ተፈትቶ ራሱ ቆሻሻ ይሆናል። ማከማቻው ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይጠበቅ። አንዴ በረዶ የሆነ የውሃ ቀለም ቢቀልጥም አይመለስም፤ ይጣላል። የቀለም እናቶቹም፣ ማለትም የሚፈለገው ቀለም የሚቀመምባቸው መሠረታዊ ቀለሞች፣ አያያዛቸው ይለያል፦ የቲነሮቹ በማሽን በየቀኑ ይማሰላሉ፣ ከውሃዎቹ ብዙዎቹ ግን በእጅ ቀስ ብሎ መገልበጥ ይበቃቸዋል፤ ብዙ መማሰል አረፋ ያበዛባቸዋል።

በመርጨት ላይ የውሃ ቤዝ ትልቁ ብልጫው ሜታሊክ ነው። ውሃው ሲወጣ ንብርብሩ እየሳሳ የአሉሚኒየም ቅንጣቶቹን አስተኝቶ ይይዛቸዋል፤ ዘመናዊ ፋብሪካዎችም ቤዛቸው በአብዛኛው የውሃ ስለሆነ ቀለሙን ማመሳሰል ይቀላል። ሁለት የሚሸፍኑ ንብርብሮች ይረጩና እያንዳንዳቸው ይደርቃሉ። ከዚያ ግፊቱን ወደ 1.5 ባር ቀንሶ፣ እጁን አርቆ አንድ ስስ ማስተካከያ ንብርብር። ይህ የመጨረሻው ከቀረ ደመናው አይጠፋም። ርጥብ ሳለ ቀለሙ ነጣ ያለ ወተታማ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ በዚያ ተደናግጦ የቀለም ጠብታ መጨመር የለም። ሙከራው በካርድ ላይ ተረጭቶ፣ ደርቆ፣ ክሊር ለብሶ ነው ከመኪናው ጋር የሚተያየው። ቤዙ ላይ አቧራ ካረፈ ደርቆ ሲያልቅ በ1000 ወይም በ1500 በደረቁ በቀስታ ይነሣ፤ በውሃ መፈግፈግ ቤዙን ያላላዋል።

የቲነር ቤዝን የምንመርጥበት ቦታ ግልጽ ነው። ዝግ ክፍል የሌለው፣ አየሩን ማሞቅ የማይችል፣ ኮምፕሬሰሩ ለአንድ ጋን ብቻ የሚበቃ ጋራዥ በውሃ ቤዝ ይሰቃያል። ለጭነት መኪናና ለነጭ፣ ለቀይ፣ ለሰማያዊ ሜታሊክ ያልሆኑ ቀለሞች ደግሞ ክሊር የማይፈልግ ሃርድነር ያለው ቀለም በሁለት ንብርብር ያልቃል፤ እዚያ የውሃ ቤዝ ማምጣት ሥራ ማብዛት ነው። ይሁን እንጂ ቲነርም እርጥበትን ፈጽሞ አይንቅም። ፈጣን ቲነር በእርጥብ ቀን ገጹን ስለሚያቀዘቅዝ ጤዛ ያርፍበትና ቀለሙ ይነጣል። ወፍራም ንብርብር በቶሎ ከሞቀ የታገተው ቲነር ይፈነዳል፤ ቀዳዳው ከውሃው ቀዳዳ አይለይም። ለዕቃ ማጠቢያ የተገዛ ርካሽ ቲነር ቤዝ ውስጥ መጨመር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ቁጠባ ነው። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል፣ ርቆ ካለ ብልጭታ እሳት ይስባል፤ በቲነር የራሰ ጨርቅ ክዳን ባለው የብረት ማጠራቀሚያ ይግባ።

ወጪውን በሊትር ዋጋ አያወዳድሩ። የውሃ ቤዝ በሊትር ይወደዳል፣ ግን በጥቂቱ ይሸፍናል። ትክክለኛው ስሌት ይህ ነው፦ ለአሥር በሮች፣ ተዘጋጅቶ ጋን ውስጥ የገባውን ቀለም በሚዛን ይመዝግቡ፣ የተረፈውን ይቀንሱ፣ ማጠቢያውን ይጨምሩ፣ ቤዝ ከተጀመረ ክሊር እስኪረጭ ያለፈውን ደቂቃ ይጻፉ። በሁለቱም ዓይነት ይህን ያደረገ ጋራዥ የማንንም ሻጭ ቃል አይፈልግም።

ቆሻሻቸው አይቀላቀል። የቲነር ቆሻሻ ተጣርቶ እንደገና ለማጠቢያ ይውላል፤ ውሃ ከገባበት ያ ዕድል ይበላሻል። የውሃ ቤዝ እጣቢ ደግሞ የሚያረጋ ዱቄት ተጨምሮበት ሲበጠበጥ ቀለሙ ተቋጥሮ ይለያል፣ በማጥለያ ይጠለላል፤ ጭቃው እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይያዛል። ወደ ፍሳሽ አይደፋም። ጓንቱ ለሁለቱም ናይትሪል ነው፤ በውሃ ቤዝ ውስጥ ያሉት ሟሟዎች በቆዳ ያልፋሉ። ክሊር ሲረጭ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ማስክ ይደረግ፤ አይሶሳያኔት ሽታው ሳይታወቅ ሳንባን ይጎዳልና የካርቦን ማስክ ማለፉን በአፍንጫ ማወቅ አይቻልም።

ለመቀየር የወሰነ ጋራዥ በደረቁ ወቅት ይጀምር። ማጣሪያው፣ መለኪያው፣ ማድረቂያው እና ሁለተኛው ጋን ከቀለሙ በፊት ይግቡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በተጣሉ በሮችና ኮፈኖች ላይ፣ በተለይ በብርማ ሜታሊክ ይለማመዱ፤ ደመናን ከብር ይበልጥ የሚያጋልጥ ቀለም የለም። ቀጥሎ ነጠላ በር፣ ከዚያ ቀለሙን ከነባሩ ጋር ማዋሃድ የሚፈልግ ጎን፣ ሙሉ መኪና በመጨረሻ። የቀረው የቲነር ቤዝ ክምችት በተለየ መደርደሪያና በተለየ ጋን እስኪያልቅ ይሠራበት። በአንድ መኪና ላይ ግማሹን በር በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው መቀባት ግን የለም፤ ሁለቱ ሜታሊኩን የሚያስተኙበት መንገድ ስለሚለያይ ከጎን ሲታይ ቀለሙ አይገጥምም።